ክሎሮፕላስት የሌለው ሽንኩርት፦ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ከገባ ቆይቷል። «ተመርቷል» ተብያለሁ። ወዴት እንደተመራ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ዛሬ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

ጉዳዩ የ7ኛ ክፍል የጄኔራል ሳይንስ የተግባር ሥራ ነው። ልጄ የሽንኩርት ሴል ሥላ ከ10 3 አገኘች። ትንሽ ነገር ይመስላል። ከእናንተ ቢሮ አንዱ ባለሙያም «እህቴ፣ ለ7 ማርክ ብለሽ ነው እንዲህ የምትንከራተቺው?» ብሎኛል። አዎ፣ ለ7 ማርክ ነው።

የተግባር ሥራ የተባለው ለወጉ ነው። ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ አልገባም። ሽንኩርትም አልገባም። መምህሩ ቦርድ ላይ የዕፅዋት ሴል ሣሉ፣ ተማሪዎቹ ገለበጡ፣ ከላዩ ላይ «የሽንኩርት ሴል በማይክሮስኮፕ ሲታይ» የሚል ርዕስ ሰጡት። ያዩት ጠመኔ ነው።

የእኔ ልጅ አልገለበጠችም። እኔ በማይክሮስኮፕ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ክሊኒክ ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ደምና ሰገራ ሳይ እውላለሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ አሮጌ ባለ አንድ ዓይን ማይክሮስኮፕ አለን። አንድ ክሊኒክ ዕቃውን ሲሸጥ ነው የገዛሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ የብሎካችን ልጆች ይሰበሰቡበታል። የምንኖረው ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሃይገሩ ጢም ብሎ ሳይሞላ አይነሳም፤ ክረምት ሲገባ ባጃጁ ጭቃውን አይቶ ይመለሳል። ለልጅ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ መጫወቻ ሜዳ የለም። ሽንኩርት ግን፣ ዋጋው ቢያስለቅስም፣ አለ።

እንዴት እንደምንሠራው ልንገርዎት፤ ጽሕፈት ቤታችሁ ውስጥ የሞከረው ሰው ላይኖር ይችላል። ቀይ ሽንኩርት ይሰነጠቃል። አንዱ ንጣፍ ይነሳና ጎድጎድ ካለው ውስጠኛ ጎኑ በወረንጦ ስስ ሽፋን ይላጣል። ስላይድ በሚባለው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ውኃ፣ ውኃው ላይ ሽፋኑ፣ ሳይጨማደድ። ከዚያ ከፋርማሲ የሚገዛው አዮዲን፣ አንድ ጠብታ። ቀጥሎ ከላይ የሚሸፍነው ስስ መስታወት፣ ከቨር ስሊፑ፣ ነው። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ከላይ ዝም ብሎ ከተጣለ አየር ሥሩ ይቀራል። በአንድ ጠርዙ አስደግፎ፣ ሌላውን ጠርዝ በመርፌ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ማስተኛት ነው። የተረፈውን ፈሳሽ ሶፍት ጠጋ ሲያደርጉበት ይመጠዋል። መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ ይታያል፤ 4 እጥፉ ከዓይን ሌንሱ 10 እጥፍ ጋር 40 ይሆናል። ከዚያ 100፣ ከዚያ 400። ትልቁ ሌንስ ላይ ከተደረሰ በኋላ ወፍራሙን ማዞሪያ መንካት ክልክል ነው። ሌንሱ ወርዶ ስላይዱን ያደቀዋል።

ያኔ እንደ ጡብ የተደረደሩ ሴሎች ይታያሉ። በየሴሉ ውስጥ አዮዲኑ ያቀለመው ቢጫማ ቡናማ ነጥብ አለ፤ ሴሉን የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ኒውክለሱ ነው። ብዙ ጊዜ መሐል ላይ አይደለም፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነው የሚገኘው። ጠርዙ ወፍራም ጥቁር የሆነ ድቡልቡል ነገር ካዩ ደግሞ ሴል አይደለም፤ የአየር አረፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሁሉ አረፋውን አይተው «ሴል! ሴል!» ብለው ጮኸዋል። አሁን አንዳቸውም አይሸወዱም።

ልጄ የሣለችው ይሄንን ነው። ሴሎቹን፣ ጎን ላይ የተቀመጡትን ኒውክለሶች፣ አንድ አረፋም ጭምር። አረፋውን በቀስት አመልክታ ምን እንደሆነ ጽፋበታለች። 100 እጥፍ መሆኑንም አልረሳችም። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አለበት። ከጎኑ «ክሎሮፕላስት የት አለ?» ይላል። ክሎሮፕላስት ተክልን አረንጓዴ የሚያደርገው፣ በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሴል ክፍል ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ የሽንኩርት ራስ ክሎሮፕላስት የለውም። መሬት ውስጥ፣ ብርሃን በሌለበት ነው የሚያድገው። ሥራው ምግብ ማጠራቀም ነው። አረንጓዴው ከላይ ያለው ቅጠሉ ነው። ክሎሮፕላስት ማየት የፈለገ ሰው በክረምት እርጥብ ግድግዳ ላይ የምትበቅለዋን ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ይፈልግ። አንድ ቅጠሏን በወረንጦ ነቅሎ ውኃ ላይ ያስተኛት። ቅጠሏ በአብዛኛው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ስላላት ያለ ምንም ቀለም ፍንትው ብሎ ይታያል። እኛ አይተነዋል። ቦርዱ ላይ ያለው ሥዕል የዕፅዋት ሴል ክፍሎችን በአንድ ላይ ለማሳየት የተሣለ ነው፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ሽንኩርት ነው ከተባለ ግን ውሸት ነው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ቡሽ በስለት አሳስቶ ቆርጦ ያየውን ሣለ፤ «ሴል» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ቡሽ የሞተ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሴል ስለሆነ ሥዕሉ ላይ እንኳን ክሎሮፕላስት ኒውክለስም የለም። እኛ ትምህርት ቤት ቢማር ኖሮ እሱም ከ10 3 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

መምህሩን አልከስም። የሚያርሙት ወረቀት ክምር ነው። ያልኳቸውንም አልካዱኝም። «እውነትሽን ነው፣ ግን መልሱ ላይ ለክሎሮፕላስት ማርክ ተይዞለታል» አሉኝ። ሽንኩርቱ እንግዲህ ከመልሱ ጋር ይስማማ!

ርዕሰ መምህሩ ጋ ስሄድ ዋናው ነገር ወጣ። ለካ ማይክሮስኮፖች አሉ። ንብረት ክፍል ውስጥ፣ በየካርቶናቸው። በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል። በሞዴል 22 ግን ወጥተው አያውቁም። ምክንያቱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፈርሞ ያወጣ መምህር ዕቃው ከተሰበረበት ይጠየቃል። የመምህር ደሞዝ ስንት እንደሆነ ደግሞ ለእርስዎ አይነገርም። የትኛው ጤነኛ ሰው ነው የሚፈርመው? በሩ ሲከፈት አየኋቸው። የካርቶኖቹ ፕላስተር እንኳን አልተነሳም፤ አሮጌ የስፖርት ማሊያ ተቆልሎባቸዋል። «ሱፐርቪዥን ሲመጣ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አለ ወይ ነው የሚሉን፤ አለ እንላለን» አሉኝ።

ሪፖርታችሁ ላይ ያለው «አለ» ይሄ ነው።

ከዚያ ወረዳ ሄድኩ። ወረዳው «የክፍለ ከተማ ጉዳይ ነው» አለኝ። ክፍለ ከተማ ማለት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ ትሁት ናት፤ ወንበር ሰጥታኛለች፣ ይሄን ልመስክርላት። ሌላ ባለሙያ ደብዳቤዬን እስከ መጨረሻው አንብቦ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ለመሆኑ ማይክሮስኮፕ እቤትሽ ለማስቀመጥ ፈቃድ አለሽ?» ለልጆቹ ጤና አስቦ ነው አሉ።

ስለ ልጆች ጤና ለእኔ? ደም የሚባል ነገር እቤቴ ስላይድ ላይ አይወጣም። ምላጭ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። የጉንጭ ሴል ስናይ ሁሉም የየራሱን ስቴኪኒ ይይዛል፤ ጉንጩን በውስጥ በኩል ፋቅ ፋቅ ያደርግና ስላይዱ ላይ ያሻል፤ ስቴኪኒው ወዲያው ይጣላል። ከአቃቂ ወንዝ ውኃ አናመጣም፤ ለምን እንደሆነ አገር ያውቃል። መብራት ሲጠፋ በመስታወቱ እንሠራለን፤ መስታወቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ግን አይታሰብም፣ ዓይን ያጠፋል። ይሄን ሁሉ የ8 ዓመት ልጅ በቃሉ ይነግርዎታል።

ሌላም የሚነግርዎት አለ። አንዱ የ5ኛ ክፍል ልጅ ከጋዜጣ ላይ ሀ ፊደልን ቆርጦ ሌንሱ ሥር አስቀመጠ። «በ ናት» ብሎ ድርቅ አለ። ስላይዱን ወደ ቀኝ ሲገፋው ምስሉ ወደ ግራ ሄደበት። ትንሽ አሰበና «ይሄ ነገር ሁሉን ይገለብጣል እንዴ?» አለ። ማንም አልነገረውም። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ከሊጧ ላይ እርሾ ጨልፋ መጣች። በ400 እጥፍ ስታየው ድቡልቡል ሴሎች፣ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ሌላ ትንሽ ሴል ያበቀሉ። «እስከ ዛሬ እነዚህን ነው ስቀልብ የኖርኩት?» ብላ አሳቀችን። ፈቃድ የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ ሰባው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ፣ «ሰባ ሠላሳ» እየተባለ ስንት ዓመት ስለ ሳይንስ ተሰበከ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። እኔ 7ኛ ክፍል ቆሜ ሳየው ብዙም አይገርመኝም።

ግን የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ አይደለም። በቅርቡ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው፤ የጉንጭ ሴል። ልጄ እቤት አዘጋጅታ አየች። ከዚያ እርሳሷን ይዛ ቁጭ አለች፣ አልጀመረችም። «እማ፣ ያየሁትን ልሣል ወይስ የሚፈልጉትን?» አለችኝ። ዕድሜዋ 13 ነው። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ብጽፍ ሰው ይሞታል። እሷን ግን ያላየችውን እንድትጽፍ በማርክ እያሠለጠናችኋት ነው። መልስ አልሰጠኋትም። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወረቀቱ እንደገና ይታረም። ካርቶኖቹ ይከፈቱ። ለሚሰበረው መምህሩን መጠየቅ ይቅር፤ የማስተማሪያ ዕቃ ሲያስተምሩበት ይሰበራል። መሰበሩ ይህን ያህል ካስጨነቃችሁ ከወረቀት ታጥፎ የሚሠራ ማይክሮስኮፕም አለ። ማኑ ፕራካሽ የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ የሚሠራበት ዕቃ ከ1 ዶላር በታች ነው የሚያወጣው። እሱንም ንብረት ክፍል እንዳትቆልፉበት እንጂ። መምህራኑን ማለማመድ ካስፈለገ እኔ በነፃ አለማምዳለሁ፤ ይሄንን በጽሑፍም አቅርቤያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እቤት ነኝ። ባለሙያ ይላኩ። ፈቃድ የጠየቀኝ ሰውዬ ራሱ ቢመጣም ግድ የለኝም። ሽንኩርት ይዞ ይምጣ፤ አዮዲኑ ከእኔ።

የአንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት
ከአዲስ አበባ ዳርቻ