ሶሻል የመረጠችው ልጄ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፈው ከጅማ ነው። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሶሻል መረጠች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ዘመድ ለቅሶ የደረሰ ነው የሚመስለው። «ጎበዝ አልነበረች እንዴ፣ ምን ነካት?» ይሉኛል። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ሶሻል የሰነፍ ነው የሚለው ነገር ደማችን ውስጥ ገብቷል። መንግሥትም አግዞናል። በ2001 ዓ.ም ገደማ የመጣው ሰባ ሠላሳ፣ ከመቶ ተማሪ ሰባውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ መድቦ ለታሪኩም ለቋንቋውም ለፍልስፍናውም ለሕጉም ለኢኮኖሚክሱም በጠቅላላው ሠላሳ ነበር የተወው።

ሐኪምና መሐንዲስ አያስፈልግም አላልኩም።

በቅርቡ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ ጅሬን ወጣን። በሩ ላይ ሁለት ወጣቶች ይከራከራሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሳይዋጉ ለምኒልክ መገበራቸውን አንዱ ብልህነት ነው ይላል፤ ግብር ከፍለው አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ይዘው ቆዩ ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ሽንፈት ነው ይላል። የሁለቱም ማስረጃ ቲክቶክ ነው። ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ፣ ብሔር ተጠራ፣ እኔም የልጄን እጅ ይዤ ልሸሽ ስል እሷ ዞር ብላ «ይሄን የጻፈው ማነው? ያኔ ነበረ ወይስ በኋላ ሰምቶ ነው?» አለቻቸው። ዝም አሉ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። አልተስማሙም፣ ስድቡ ግን ቆመ።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይሰጠናል። ጥሩ ነው። ግን የሰማሁትን ከማስተጋባት ያለፈ የራሴ ሐሳብ ከሌለኝ ምኑን ነው የምገልጸው? የምመርጠውስ በምን አመዛዝኜ ነው?

ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ሎጂክ፣ ታሪክና አንትሮፖሎጂ ለፍሬሽማን ተማሪዎች መሰጠታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ሎጂክን እንዴት እንዳለፈው ሲነግረኝ ግን ደነገጥኩ። የድሮ ፈተና በቴሌግራም ተላከለት፣ ሸመደደው፣ ኤ አገኘ። ሎጂክ እኮ ነው! መምህራን ሆይ፣ ክፍሉ እንደሚጨናነቅ አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ ምርጫ ማክበቡን ቀነስ አድርጋችሁ ልጆቹን አንድ ገጽ አጽፏቸው፣ ፊት ለፊትም አከራክሯቸው።

የልጄ አክስት አሁንም «እሺ፣ ቢያንስ አካውንቲንግ ትማር» እያሉኝ ነው።

አንድ አባት፣ ከጅማ