ለልጄ፣ ስለ መንገድ ላይ ጠብ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር መደባደብህን ከአጎትህ ሰማሁ። የምጽፍልህ ጥፋቱ የማን እንደ ነበር ለመመርመር አይደለም፤ በዝናብ ሰዓት ታክሲ ጠፍቶ ሳለ ሰልፍ ሰብሮ የሚገባ ሰው ምን ያህል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ነገር ግን ድብድቡ ካበቃ በኋላ ወደ እኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን አንተ አታየውም፤ እኔ አያለሁ።

ሰው ጠብ ውስጥ ሲገባ የሚፈራው የባላጋራውን ጉልበት ወይም ስለት ነው፤ ሕይወት የሚያጠፋው ግን መሬቱም ሊሆን ይችላል። በአንድ ቡጢ ሚዛኑን የሳተ ሰው እጁን እንኳ ሳይዘረጋ ወደ ኋላ ይወድቅና ጭንቅላቱ ከእግረኛ መንገዱ የድንጋይ ጠርዝ ጋር ይላተማል። ከጆሮ በላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ በመሆኑና በሥሩ ደም ቅዳ ስለሚያልፍ፣ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ደም ሥሩ ሊቀደድና ደም በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ሊጠራቀም ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ፣ ተጎጂው ለአፍታ ራሱን ስቶ ከነቃ በኋላ ልብሱን አራግፎ «ደህና ነኝ» ማለቱ፣ ቤቱም ሄዶ መተኛቱ ነው። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይበረታል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲቀሰቅሱትም አይነቃም። ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ምልክት የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያ ወጣት በዚያው ሰልፍ የሚሳፈር ከሆነ ፈልገህ ጤንነቱን ጠይቀው፤ የሚያመው ነገር ካለ ወደ እኔ አምጣው። እርሱም የእናት ልጅ ነው።

ሕጉንም እወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 አስቦ ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰን ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። ራስን መከላከልን የሚፈቅደው አንቀጽ 78 ለደረሰ ወይም ሊደርስ ለተቃረበ ጥቃት የተጻፈ ነው፤ ተሰድቤአለሁ ብሎ ቀድሞ ለመታ ሰው መሸሸጊያ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ የምልህ ስለ ግልግል ነው። ሸገር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ከሊስትሮ እስከ ሽማግሌ ሁሉም «ተዉ!» እያለ ይገባል፤ በዚህም እኮራለሁ። ሆኖም ገላጋዩ አንደኛውን ብቻ ጥፍንግ አድርጎ ሲይዘው ሌላኛው እንደ ልቡ ይመታዋል፤ ክንዱን ተይዞ የወደቀ ሰው ደግሞ ራሱን በእጁ ሊያድን አይችልም። አንተ ለመገላገል ከገባህ የያዝከውን ሰው ከባላጋራው አርቀው፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙረው፣ ሌላኛውንም የሚይዝ ሰው ጥራ። ስለት ካየህ አትግባ፤ ራቅ ብለህ በ991 ለፖሊስ ደውል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ሰው ካለ አንገቱን አታንቀሳቅሱ፣ ውኃ አታጠጡት፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ እስኪመጣ ከአጠገቡ ሁን፤ ለሐኪሙም እንዴት እንደ ወደቀና ራሱን ስቶ እንደ ነበር ሳትደብቅ ንገረው።

እናትህ