አባባ፣ ክኒኑን አይሰብሩት

አባባ፣ እንደምን አሉልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናቲ በቁመት በልጦኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት ትመስላለች። የሜሪላንድ ብርድ እንደሆነ ያው ነው።

ወንድሜ የግፊት ክኒኑን ለሁለት እየሰበሩ እንደሚውጡ ነገረኝ። እሱን አይቆጡት፣ አውጣጥቼው ነው። ስደውል ስለ ክኒኑ ጠየቅሁ፣ እርስዎ ስለ ብሩ መለሱልኝ። በ2016 ሐምሌ ብሩን ለገበያ ባይለቁት ኖሮ መድኃኒት እንዲህ አይወደድም ነበር አሉ። ከዚያ ዘለው 1966 ገቡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዳልካቸው መኮንን የለመነውን ፋታ ቢያገኝ ኖሮ መሬቱ ያለ ደም ይከፋፈል ነበር፣ የአያቴም ቤቶች አይወረሱም ነበር።

ስልክ ላይ ስለማያስጨርሱኝ ነው የምጽፈው። ፋታውን ቢያገኝስ? የጭሰኛና የባለመሬት ረቂቅ ሕግ ስንት ዓመት ፓርላማ ተቀምጦ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ወንበሩን የያዙት ባለመሬቶቹ ነበሩ እኮ። ደግሞ እርስዎስ «መሬት ላራሹ» ሲሉ የነበሩ ተማሪ አይደሉም? የካቲት 1967 የገጠሩ መሬት ሲታወጅ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ላይ ሆነው ከገበሬው ጋር መጨፈርዎን አጎቴ አጫውቶኛል። ሐምሌ 19 ትርፍ ቤት ሲወረስ ነው የመረረዎት። በመካከሉ አምስት ወር እንኳ አይሞላም። ይቺን ክፍል ሲያወሩ ይዘሏታል።

በአስተማሪ ደሞዝ ሁላችንንም ማስተማርዎን አልዘነጋሁም፣ እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

እኔን የሚቆጨኝ 1997 ነው። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲጀመር እማዬ ፎርሙን ይዛ መጥታ ለመነችዎት። መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ይወስደዋል ብለው እምቢ አሉ። እኛም በዚያችው በቀበሌ ቤት፣ ያውም ከሌላ ሰው በተወረሰች፣ ጣሪያዋ እያፈሰሰ ቀረን። ጎረቤታችን ዕጣ ደርሷት ወጣች። የእማዬ አስከሬን የወጣው ከዚያችው ቤት ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለቴ አይደለም። ወይም ትንሽ ነው፣ እንጃ። ብቻ ከዚያ ሁሉ «ቢሆን ኖሮ» መሀል «ያኔ ተመዝግቤ ቢሆን ኖሮ» ሲሉ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እሱ ላይ ደርግም ንጉሡም የሉበትም።

ሰፈሩ ይነሳል የሚባለው ከምን ደረሰ? ምትክ ቤት ከሰጡ አሁንስ ይቀበሉ። አራተኛ ፎቅ ካሉ ግን ጉልበትዎን አሳይተው ምድር ቤት ይጠይቁ፣ ሳያዩት እንዳይፈርሙ።

ብር ለወንድሜ ልኬያለሁ። ክኒኑን ሙሉውን፣ ጠዋት ጠዋት። እዚህ ሌሊት ስልክ ሲጮኽ ከማንሳቴ በፊት የማስበውን ልጽፍልዎ አልፈልግም። እሑድ ስደውል የግፊትዎን ቁጥር ነው መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ተለክተው ይጠብቁኝ። የ1953ቱን፣ የነመንግሥቱ ንዋይን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።

ልጅዎ