መብራት ሲጠፋ በፎርፌ እንዳንሸነፍ ለተሟገታችሁልን ሁሉ

ሰላም ወገኖቼ፣

የምንጫወተው የስልክ ጨዋታ አፕዴት ወጥቷል። ያላወረዳችሁ አውርዱ። ከባድ ስለሆነ ፓኬጃችሁን እንዳይጨርስባችሁ ዋይፋይ ፈልጉ። ያወረዳችሁት ለውጡን አይታችሁታል። ጨዋታ መሀል ላይ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ወይም መብራት ቢሄድ እንደ ሸሸ ሰው አንቀጣም። ለመመለስ ሦስት ደቂቃ አለን። እስክንመለስ ቦታችንን ኮምፒዩተሩ ይይዝልናል። ስማችንንም በራሳችን ፊደል መጻፍ ችለናል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬ አላርፍ ብሏል። "እንኳን ደስ አለህ"፣ "አንተ ባትጠይቅ ኖሮ"፣ "ጀግና ነህ" የሚል መልእክት ይጎርፋል። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሐሳቡን የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ስሜ ተለጠፈበት እንጂ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ጽሑፍና ዛሬ ጨዋታው ውስጥ የገባው ነገር አይተዋወቁም። መሀል ላይ ብዙ ሰው ገብቶ ሠርቶታል፣ አፍርሶታል፣ እንደገና ሠርቶታል። ይህንን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። (እናቴ ይህን አነባለሁ ብላኛለች፤ እማዬ፣ ታገሺኝ።) በስልክ አምስት ለአምስት ሆነን የምንጫወተው ነው። አንድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጥሎ የወጣ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል፤ ሲደጋግመው ይታገዳል። ሕጉ ክፋት የለውም። አራት ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሄድ መቀጣት አለበት። ችግሩ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሚኖሩት መብራት የማይጠፋበት አገር ነው።

እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚሞተው ራውተሩ ነው። ስልኩ ቻርጅ አለው። ሂሮዬ (ጨዋታው ውስጥ የማዘው ተዋጊ) ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ግን አይሰማኝም። ወደ ዳታ ልቀይር ስል፣ ሰፈሩ ሁሉ በአንዴ ዳታ ከፍቶ ኔትወርኩ ተጨናንቋል። እንደምንም ተመልሼ ስገባ ጨዋታው አልቆ ቀይ ጽሑፍ ይጠብቀኛል፦ "ጨዋታውን ጥለህ ወጥተሃል።" ማን ነው የጣለው? መብራቱ ነው እኔን የጣለኝ!

ፒንጉንስ (መልእክታችን ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) ችለነዋል። የምንጫወትበት ሰርቨር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒዩተር፣ ፍራንክፈርት ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ፍጹም ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። በተግባር ደግሞ መስመሩ ቀጥታ አይደለም። በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወጥቶ የባሕር ኬብል ይይዛል፤ ከዚያ ይዞራል። ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ፊዚክስ ነው። መቀጣቱ ግን ፊዚክስ አልነበረም፤ የሰው ውሳኔ ነው። የሰው ውሳኔ ደግሞ ይለመናል።

እናም ለጨዋታው ሠሪዎች፣ ሌሎች ተጫዋቾችም በሚያዩት ቦታ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ለቅሶ ነበር ማለት ይቻላል። "የተቋረጠ ሰው አይቀጣ" ነው በአጭሩ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ አጥብቆ ለተቃወመኝ ሰው ነው። ጀርመናዊ ነው፤ በጨዋታው ያለውን ደረጃ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። እንዲህ አለኝ፦ "እየተሸነፍኩ እያለ ዋይፋዬን ባጠፋና መብራት ጠፋብኝ ብልህ በምን ታውቃለህ?" ተናደድኩ። መልስ ግን አልነበረኝም። እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከጨዋታው በአዝራሩ ስትወጣ ስልኩ ለሰርቨሩ "ወጥቻለሁ" ብሎ ይነግረዋል። መብራት ሲሄድ ግን ሰርቨሩ የሚሰማው ዝምታ ብቻ ነው። ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ብታደርገውም የሚሰማው ያንኑ ዝምታ ነው። ሁለቱን ዝምታዎች የሚለይ ነገር ካላመጣህ ለሸሺዎች በር እየከፈትክ ነው አለኝ። ወንድሜ፣ ያን ቀን ምን እንዳልኩህ ሁለታችንም እናስታውሳለን። አንተ ባትኖር ኖሮ ሐሳቡ በሳምንቱ ተጥሎ ነበር። አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ማኒላ ያለው ወዳጃችን ነው። እነሱም ጋ መብራት ይጠፋል፤ ችግሩን ማስረዳት አላስፈለገኝም። መብራት ሲሄድ ለአንድ ሰው ብቻ አይሄድም አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ አካባቢ ብዙ ተጫዋች ዝም ካለ፣ ተማክረው አልሸሹም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ማኒላ ላይ በደንብ ይሠራል። እኔ ሰፈር ግን ይህን ጨዋታ የምንጫወተው ሰዎች አንድ ሚኒባስ አንሞላም።

መፍትሔውን ያመጣችው ጅዳ ያለችው እህታችን ነች። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የምትጫወተው ማታ ሥራ ስትጨርስ ነው። የቤቱ ዋይፋይ በእሷ እጅ አይደለም፤ ባለቤቶቹ ሲፈልጉ ይዘጉታል። በድምፅ መልእክት የላከችው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። "ለምን ዝምታውን ትመረምራላችሁ? ሰውየውን እዩት። መብራት ውጤት አይቶ አይጠፋም። እየመራህም ይጠፋል፣ እየተመራህም ይጠፋል። ሁሌ ሲሸነፍ ብቻ መብራት የሚጠፋበት ሰው ካለ እሱን ቅጡት።"

ለደቂቃዎች ማንም ምንም አልጻፈም። ከዚያ ጀርመናዊው "አሁን ገባኝ" አለ። አሁን ጨዋታው የሚሠራው በዚህ ነው። የተቋረጠ ሰው ይማራል። ግን መቋረጡ ከሽንፈት ጋር እየተያያዘ ከመጣ ምሕረቱ ይቀንሳል። ፕሮግራመሮቹ ዳር ዳሩን አሳምረውታል እንጂ ልቡ የእሷ ነው። እህቴ፣ ስምሽ እንዳይጻፍ ስላልሽኝ አልጻፍኩም። እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ አገርሽ በሰላም ያስገባሽ።

ሦስቱን ደቂቃ ያመጣችው ደግሞ ባሕር ዳር ያለችው ተማሪ ነች። እኔ አሥር ደቂቃ እንጠይቅ ብዬ ነበር። እሷ "ማን አሥር ደቂቃ ይጠብቀናል?" አለችና ሰንጠረዥ ከፈተች። ኔትወርኩ የተቋረጠበት ሰዓት፣ ምክንያቱ፣ የስልኩ ዓይነት፣ ተመልሶ እስኪገባ የወሰደው ጊዜ። የተቋረጠበት ሁሉ እንዲሞላ ታሳድድ ነበር። አልሞላ ላለው ደግሞ በግል ትጽፍለታለች። ከተሞላው ያየነው፣ ወደ ዳታ ቀይሮ መመለስ የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በፊት ይመለሳል። ያልቻለው አሥርም ብትሰጠው አይመለስም። አንዱ ልጅ ዶታ 2 ላይ የተቋረጠ ሰው ጥሎ እንደወጣ የሚቆጠረው አምስት ደቂቃ ካለፈ ነው ብሎ አስታወሰን። ዶታ ጨዋታው ረጅም ነው፤ ለኛ ሦስት በቂ ነበር። ሦስት ደቂቃ የጠየቀ ሰው አሥር ከጠየቀው ይልቅ ይሰማል፤ ይህንን ከሷ ተማርኩ።

የፊደሉን ጉዳይ በአጭሩ ላውራው፤ ድካሙ የኔ አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጨዋታው ግን ስም ስትጽፍ የእኛን ፊደል አይቀበልም ነበር። ቻት ላይ ስትጽፍም ባዶ ሣጥን ይደረድራል። እስራኤል፣ ነታንያ ያለው ወንድማችን ዕብራይስጡ ሲስተካከል የነበረ ሰው ስለሆነ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር። "የኛ እንደ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ አይሄድም፤ ይቀላችኋል" ብሎ ነው የጀመረው። ኖቶ የሚባለው ነፃ ፎንት የኛን ፊደል የያዘ ኢትዮፒክ የሚባል ቅጂ እንዳለው፣ ክብደቱም አንድ ሜጋባይት እንደማይሞላ አሳያቸው። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

አላለቀም እንዴ? ሰላምና ሠላም መጡ። አንዱ "ፀሐይ" ብሎ ስም ሲይዝ ሌላው "ጸሃይ" ብሎ ይገባና እሱን መስሎ ጓደኞቹን ያታልላል። ሁሉንም እንደ አንድ ስም ይቁጠረው የሚሉ አሉ። ፊደላችን አይነካ የሚሉም አሉ። በዚህ ገና እየተጨቃጨቅን ነው፤ ቶሎ የምንስማማም አይመስለኝም።

ለቻቱ የስድብ ማጣሪያ የአማርኛ ስድቦችን ዝርዝር ያዘጋጃችሁልኝ ሁለት ልጆችም አላችሁ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጥልቀት ያለው ነው፤ አንዳንዱን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ቤተሰብ ስለሚያነበው ስማችሁን አልጠራም። ግን ከልብ።

ከሁሉ ይልቅ ሰፈሬ ላለው የጌም ቤቱ ባለቤት ምስጋና ይድረሰው። ጋሼ ነው የምንለው። እሱ ፊፋ እንጂ የኛን ጨዋታ አይወድም። ጥያቄውን ልተወው ስል ጂቲኤ ኦንላይን የሚባለውን ጨዋታ ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶስት የሚል የጨዋታ ስም ያለው ተጫዋች ጨዋታው ሲከፈት ለምን ደቂቃዎች እንደሚፈጅ ተቸግሮ ውስጡን ፈተሸ። ለካ ጨዋታው 63,000 ገደማ የሚሸጡ ዕቃዎች ያሉበትን 10 ሜጋባይት ዝርዝር እጅግ በዘገየ መንገድ ነው የሚያነበው። ሲያስተካክለው መጠበቂያው 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የጨዋታው ሠሪ ሮክስታር ማስተካከያውን ተቀብሎ 10,000 ዶላር ሰጠው። "አየህ፣ አንድ ተጫዋች ነው" አለኝ ጋሼ። ዶላሩ ለኛ አልመጣም፤ ጋሼ፣ ተስፋ አትቁረጥ።

ለሙከራ የሚሆነው ቅጂ ሲላክልን ቦታ የሰጠንም እሱ ነው። አንድ ማለዳ ደንበኛ ሳይበዛ አምስታችን አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሼ ራውተሩ አጠገብ ቆመ። ጨዋታው ሲሟሟቅ አንዳችን "ንቀለው!" ይላል፤ ጋሼ ከሶኬቱ ይነቅለዋል። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠን እንቆጥራለን። መሀል ላይ ፕሌይስቴሽን የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ገቡ። በኦንላይን ግጥሚያ አንድ ለባዶ እየመሩ እያለ ጋሼ ነቀለባቸው። ልጆቹ ጮኹ። ጋሼ ሳይስቅ "ሳይንስ ነው" አላቸው። ሒሳብ አላስከፈላቸውም። ያን ቀን ሂሮዬ እኔ ሳልኖር በኮምፒዩተሩ እየተመራ ሲዋጋ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ከኔ ይሻላል።

ጨዋታውን ለሚሠሩት ሰዎችም ምስጋና አለኝ። ብዙ ድርጅት "ሐሳብዎን ተቀብለናል" የሚል ደረቅ መልስ ልኮ ይጠፋል። እነሱ ግን እምቢ ያሉትንም በምክንያት ነው እምቢ ያሉት። ናይሮቢ ላይ ሰርቨር ትከሉልን ብለን ነበር። በአካባቢው ያለን ተጫዋቾች ገና ጥቂት ስለሆንን ሰርቨሩ ቢተከል ተጋጣሚ ለማግኘት ረጅም ጊዜ እንደምንጠብቅ በቁጥር አሳዩን። አልወደድነውም፤ ግን ገባን። ሌሊት ሌሊት መልስ የጻፈችልን ፕሮግራመር አለች። አማርኛ አታነብም፤ የሚያውቅ ሰው ይተርጉምላት። እናመሰግናለን።

እማዬ፣ አንቺም አለሽበት። "ይሄ ስልክ ልጄን በላው" ስትዪ ከርመሽ፣ ነገሩ ሲገባሽ ግን ፓወር ባንኩን ቻርጅ እያደረግሽ ታስቀምጪልኝ ነበር።

አሁን ሥራ ላይ ያለው ሕግ ለአንድ ሲዝን ለሙከራ ነው። ሰው ለማጭበርበር ከተጠቀመበት ያነሱታል፤ በግልጽ ነግረውናል። እየተሸነፈ ሆን ብሎ የሚያጠፋ ካያችሁ በቻት አትሳደቡ፤ ማጣሪያው ይይዛችኋል። የጨዋታውን ቁጥር ይዛችሁ ሪፖርት አድርጉ። የባሕር ዳሯ ልጅ ሰንጠረዡን አልዘጋችውም። ከሦስት ደቂቃ በፊት ተመልሳችሁ እንኳ የተቀጣችሁ ካላችሁ የስልካችሁን ዓይነትና ሰዓቱን ላኩላት። በአሮጌ ስልኮች ላይ ተመልሶ መግባት እንደሚዘገይ ሁለት ሦስት ሰው ነግሮናል፤ ቀጥሎ የምንጠይቀው እሱን ነው።

ክብረት ይስጥልኝ።

ወንድማችሁ፣ ከአዲስ አበባ