ከክንድ ወደ ትከሻ

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ? ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰሞኑን ሙቀቱ ብሶበታል አሉኝ። እባክህ ቀን ቀን ከቤት አትውጣ። ጋራዡን ልጆቹ ይከፍቱታል፤ ባጃጁንም ይጠግኑታል። አስተምረሃቸዋል እኮ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ እማዬ ደም ግፊት አውርተን ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ከምድር ጦር ወደ አየር ኃይል ልዛወር ነው። የምገባውም በዕጩ መኮንንነት ነው። ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የጤና ምርመራውም አልቋል። መስከረም ላይ ቢሾፍቱ እገባለሁ።

ፊትህ አሁን ይታየኛል። "አየር ኃይል" የሚለው ላይ ደስ ይልሃል። "መኮንን" የሚለው ላይ ስትደርስ መነጽርህን ታወልቃለህ።

"መኮንን ያዛል፣ ሃምሳ አለቃ ይሠራል" ስትል ነው ያደግኩት። ሃምሳ አለቃ የሆንኩ ቀን ደውዬ ስነግርህ ድምፅህ ተቆርጦ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። የአንተው ማዕረግ ነበራ! አሁን ያንን ማዕረግ ትቼ ስሄድ አንተን ጭምር የተውኩህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።

ትዝ ይልሃል፣ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሐረር ይዘኸኝ የሄድከው? ደንገጎን ስንወጣ አስመለሰኝ። ሐረር ስንደርስ የድሮውን ጦር አካዳሚ አሳየኸኝ። በህንድ መኮንኖች አስተማሪነት የተጀመረ ትምህርት ቤት እንደነበር፣ ዕጩ መኮንኖቹ ሦስት ዓመት እንደሚማሩበት ነገርከኝ። በ18 ዓመትህ በጭነት መኪና ተሳፍረህ እዚያ በር ላይ መቆምህንም ነገርከኝ። አያቴ ስለሞተ ከአሥረኛ ክፍል አቋርጠህ ነበር። አላስገቡህም። ከዚያ በላይ አላወራህም፤ የባቢሌ ኦቾሎኒ ገዛህልኝና ተመለስን። ያን ቀን ልጅ ነበርኩ፣ ነገሩ አልገባኝም። አሁን ግን እዚያ በር ላይ የቆመው የ18 ዓመት ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም።

ከዚያ ነው በቴክኒሻንነት አየር ኃይል የገባኸው። በነሐሴ 1969 ደግሞ ድሬዳዋ አየር ምድብ ላይ ነበርክ። የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ደጅ ደርሶ፣ የገዛ ሰፈርህ ሰው እየሸሸ፣ አንተ ከኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ሥር ነበርክ። የክንፉ ጫፍ ላይ ሳይድዋይንደር ሚሳይል ስትሰቅሉ፣ ለአፍንጫው መድፍ 20 ሚሊሜትር ጥይት ስትሞሉ፣ ብረቱ በድሬ ፀሐይ ግሎ መዳፍህን ይልጠው እንደነበር ነግረኸኛል። ሰው የሚያወራው ስለ አብራሪዎቹ ነው። ይገባቸዋልም። ለገሰ ተፈራ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሮ ሲመለስ አልቅሰሃል። ግን ያ አውሮፕላን እንዲነሳ መዳፉ የተላጠውን ሰው ስም የሚያነሳ የለም። እኔ አነሳዋለሁ።

ከነገርከኝ ሁሉ ከልቤ ያልወጣው ግን የዘይቱ ነገር ነው። አንድ ሌሊት የሃይድሮሊክ ዘይት ሲንጠባጠብ አየህና ለአንድ ወጣት መኮንን ነገርከው። "ጊዜ የለንም" ብሎህ አለፈ። አብራሪው ግን ሰማህ። ወርዶ ተንበረከከ፣ በጣቱ ነካው፣ "ይሄ አይበርም" አለ። ከዚያ የራሱን ውሃ ሰጠህ። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ድምፅህ የሚለወጠው ውሃው ላይ ስትደርስ ነው።

አባዬ፣ ያ ነገር በእኔም ደረሰ። ባለፈው ዓመት ነው። ክረምት ነበር፤ ከመኪኖች ጋር እየተጓዝን ነበር። ሬዲዮው እኔ ጋ ነው። ከፊታችን ያለውን ድልድይ ጎርፍ እንደወሰደው ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ለአዛዡ ነገርኩት። "የድሮ መረጃ ነው" አለኝ። አንዴ ተናገርኩ። ሁለተኛ ለመናገር አፌ ተያዘ። ሄድን። ጭቃ ውስጥ ሦስት ሌሊት አደርን። አንድ ወባ የያዘው ልጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም፣ ሲቃዥ እናቱን ይጠራ ነበር። ጭንቅላቱን እግሬ ላይ አድርጌ ነው ያደርኩት። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ ያየሁት ብዙ ነው፤ እሱን በደብዳቤ አልጽፈውም።

በአዛዡ ብዙ ተናደድኩ። በኋላ ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ሁለተኛ ያልተናገርኩት ለምንድነው? ክንዴ ላይ ያለውን ማዕረግ ትከሻው ላይ ካለው ጋር ስላስተያየሁት ነው። ስለዚህ ትከሻዬ ላይ እንዲሆን ፈለግኩ። ያኔ ከሥሬ ያለ ሃምሳ አለቃ "ዘይት ይንጠባጠባል" ካለኝ እኔ ነኝ የምንበረከከው።

አየር ኃይል ለምን ካልከኝ፣ በማታ አምስት ዓመት የተማርኩት ኤሌክትሪካል ነው። ሬዲዮ ለምጃለሁ፤ አሁን ራዳር መማር እፈልጋለሁ። ደግሞም የአንተ ቤት ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ዩኒፎርምህን አጣጥፈህ ሻንጣ ውስጥ ከተትከው እንጂ አልጣልከውም። እማዬ በየዓመቱ ፀሐይ ታሰጣዋለች። ልጅ ሆኜ ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት እስካሁን የነዳጅ ሽታ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ28 ዓመቴ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ እንደገና "ቀኝ ኋላ ዙር" ልባል ነው። እግረኛ ጦር ውስጥ ያፈራኋቸውን ጓደኞቼን እተዋለሁ፤ ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። በስልክ "አንተ" ስልህ ሲሰሙ የሚደነግጡት እነሱ ናቸው። የድሬ ልጅ አባቱን አንቱ አይልም ብላቸውም አያምኑኝም።

ነሐሴ መጨረሻ አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ፤ እመጣለሁ። ለእማዬ አንተ ቀድመህ ንገራት፤ እኔ ከነገርኳት ግፊቷ ይነሳል። "ቢሾፍቱ ቅርብ ነው" በላት፤ በባቡር መምጣት እንደምችል ንገራት።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። ስመጣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ወንበር ይዘን እንቀመጥ። ስለ መኮንኖችህ ንገረኝ። ስለ ጥሩዎቹ ብቻ አይደለም፤ ያስቀየሙህን፣ ያላዩህን፣ ስምህን ሳያውቁ ሁለት ዓመት ያዘዙህንም ጭምር። ደብተር ይዤ እመጣለሁ፤ ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ከዚያ ከፈቀድክ ትመርቀኛለህ። ካልፈቀድክም እዚያው ንገረኝ። ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

የጉልበትህን ቅባት በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ማታ ማታ እየተቀባህ እግርህን ሸፍነህ ተኛ።

ልጅህ