ቅዳሜ ቤዛዊት ላይ ስም እንጠራለን

ሰላም ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

የቅዳሜው የእግር ጉዟችን ባሕር ዳር ወዳለው የቤዛዊት ኮረብታ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን።

ባለፈው ቡና ላይ ያነሳነው፣ ቦታዎችን በጦርነት በሞቱ ሰዎች ስም የመሰየም ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ካናዳ ውስጥ፣ በማኒቶባ ግዛት፣ በጦርነት ለወደቁ የአካባቢው ልጆች ከ4,000 በላይ ሐይቆች፣ ደሴቶችና ሌሎች ቦታዎች ተሰይመዋል። ለጄኔራል ብቻ አይደለም፤ ለተራው ወታደርም ጭምር። በሮኪ ተራሮች ደግሞ በኤዲት ካቬል ስም የሚጠራ 3,363 ሜትር ተራራ አለ። እሷ እንኳ ወታደር አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1915 ጀርመኖች ብራስልስ ላይ የረሸኗት ነርስ ናት።

እኛም የወደቁ ልጆች አሉን። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ብቻ ከ120 በላይ ሰው አጥቷል። የእነሱስ አፅም አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የእኔ አጎት ግን ከምሥራቅ ግንባር እንደወጣ ቀረ። እናቴ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላዋለች፤ መቃብሩን የሚያውቅ የለም።

ለኮረብታው አዲስ ስም ማውጣት የእኛ ሥልጣን አይደለም። ቤዛዊት የሚለው ስሙም እጅግ ያምራል። ግን ዓባይ ቁልቁል ከሚታይበት ቦታ ስንደርስ፣ እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን ዘምቶ የቀረ ሰው ስም ጮክ ብለን እንጥራ። የየትኛው ዘመን፣ የየትኛው ጦር ብላችሁ አትጨነቁ። ስም የሌላችሁ ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ ኑ።

ውሃና ኮፍያ ያዙ። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ፎቶ አናነሳም።