ለአባባ፦ ስለ መዋኛ ገንዳው

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም ቀለል አለልዎ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ስለ ገንዳው የነገሩኝን ሳስብ ሰነበትኩ። ውሃው ጥርት ብሎ እያለ የክሎሪኑ ሽታ ስለከበደና ዓይን ስላቃጠለ ክሎሪን መጨመር አቁሜያለሁ ብለዋል። አባባ፣ ያ ሽታ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም። ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት ቅባት ጋር ሲዋሃድ ክሎራሚን ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ የሚሸተውም ዓይን የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ጀርም የመግደል አቅሙ ግን በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ ሽታው የሚነግርዎት ሥራ የሚሠራው ነጻ ክሎሪን እየተመናመነ መሆኑን ነው። የውሃው መጥራትም አያዘናጋዎት፤ ክሎሪኑ ዜሮ የሆነ ውሃም ለጥቂት ቀን እንደ መስተዋት ጠርቶ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ በዓይንና በአፍንጫ ሳይሆን በመለኪያ ይሂዱ። ከወረቀቱ ይልቅ በጠብታ የሚሠራው መለኪያ ይሻላል፤ ነጻውንና ጠቅላላውን ክሎሪን ለይቶ የሚያሳይ ይሁን። ናሙናውን ውሃ ከሚመለስበት ቀዳዳ ራቅ ብለው፣ ክንድዎን እስከ ክርን አጥልቀው ይቅዱ፤ ከላይ የሚቀዳው የገንዳውን ሁኔታ በትክክል አያሳይም። ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች ማለትም የውሃው የአሲድነት ደረጃ ከ7.2 እስከ 7.6፣ አልካሊኒቲ ማለትም ውሃው ፒኤቹን አጽንቶ የመያዝ አቅሙ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ይሁን። ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቀው ማረጋጊያ ማለትም ሲያኑሪክ አሲድ ካለበት ደግሞ ነጻ ክሎሪኑ ከ2 እንዳይወርድ። ጠብታው ምንም ዓይነት ቀይ ቀለም ካላሳየ ወዲያው «ክሎሪን የለም» ብለው አይደምድሙ። ክሎሪኑ እጅግ ሲበዛም ቀለሙን ያጠፋዋል። ናሙናውን ክሎሪን በሌለበት እኩል ውሃ አቅጥነው እንደገና ይለኩት፤ ያኔ ቀለም ከመጣ እውነቱ ይታወቃል።

ፒኤችን ችላ አይበሉት። በ7.5 ላይ ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ ጠንካራ በሆነው ጀርም ገዳይ መልኩ ይገኛል፤ 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያው ክሎሪን፣ ያው ወጪ፣ ግን እጅግ ያነሰ ሥራ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፒኤቹን አስቀድመው ማስተካከል ያለብዎት። ፒኤቹ አልረጋ እያለ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አልካሊኒቲው አንሷል ማለት ነው፤ በእርስዎ ገንዳ በሊትር 10 ሚሊግራም ለማሳደግ 800 ግራም ያህል ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበቃል።

አሁን ወደ ሽታው ልመለስ። ገንዳው 8 ሜትር በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ስለሆነ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የክሎሪን ዱቄትዎ 65 በመቶ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ያለበት ከሆነ፣ ክሎሪኑን በሊትር 1 ሚሊግራም ለማሳደግ 74 ግራም ያስፈልጋል። ከጠቅላላው ክሎሪን ላይ ነጻውን ይቀንሱ፤ ቀሪው ክሎራሚኑ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 1.4፣ ነጻው 0.6 ቢሆን ልዩነቱ 0.8 ነው። ክሎራሚኑን ሰብሮ ለማጥፋት የልዩነቱን 10 እጥፍ፣ ማለትም 8 ሚሊግራም መጨመር ይጠይቃል፤ ይህም 590 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ካነሰ ክሎራሚኑ እዚያው ይቀራል፣ ሽታውም ይመለሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ የገንዳው መሸፈኛ ተነስቶ ይሁን። ነጻ ክሎሪኑ ወደ 3 እስኪወርድ ድረስ ማንም አይግባ።

አጨማመሩን በተመለከተ አደራ እላለሁ። ሁልጊዜ ኬሚካሉ ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በኬሚካል ላይ አይፈስም። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ በውሃ ይሙሉ፣ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ፣ ከዚያ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው በገንዳው ዙሪያ ያፍስሱት። ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አሲድና ክሎሪን ቢገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሰዎች ብዙ የማያውቁት ግን ሁለት ዓይነት ክሎሪን እርስ በርስ መገናኘቱም አደገኛ መሆኑን ነው፤ ትራይክሎር የሚባለው የክሎሪን ክኒንና የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት ቢደባለቁ እሳት ሊነሳ፣ ሊፈነዳም ይችላል። በክኒን መያዣው ውስጥ ዱቄት መጨመር ወይም ክኒን በነካ ማንኪያ ዱቄት መዝገን ስለዚህ ክልክል ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ደረቅ ማንኪያ ይኑረው። ሁሉም በየራሱ ዋና ዕቃ፣ ደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ አሲዱ ከክሎሪኑ ተለይቶ፣ ልጅ በማይደርስበት ቁልፍ ስር ይቀመጥ። ፈሳሹን ከዱቄቱ በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡት፤ ቢያንጠባጥብ ዱቄቱ ላይ ያርፋል።

ክኒኑን ብቻ ለወራት መጠቀም ሌላ ችግር ያመጣል። ትራይክሎር 10 ሚሊግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ሚሊግራም ያህል ማረጋጊያ ትቶ ያልፋል፤ ማረጋጊያው ደግሞ አይተንም፣ ፀሐይም አያጠፋውም። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ሲሆን ይጠቅማል፤ ከ100 ሲያልፍ ክሎሪኑን ያስርና ውሃው አልጌ ይይዘዋል። መፍትሔው የውሃውን ከፊል መለወጥ ነው። ሙሉ በሙሉ አያስወጡት፤ በተለይ መሬቱ ውሃ በጠገበበት ጊዜ ባዶውን ገንዳ ከስር ያለው ውሃ ሊያነሳውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ሲሶውን እያወጡ መተካት ይበቃል።

የአሸዋ ፊልተሩን የሚያጥቡበትን ጊዜ የሚወስነው የግፊት መለኪያው ነው። ገና እንደታጠበ ስንት ላይ እንደቆመ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ በ0.5 ባር ሲበልጥ ይጠቡት። ከዚያ በፊት አያስፈልግም፤ ትንሽ የቆሸሸ አሸዋ እንዲያውም ከንጹሑ የተሻለ ያጣራል። የቫልቩን እጀታ ከማዞርዎ በፊት ፓምፑን ያጥፉ፣ ሁልጊዜ። ፓምፑ እየሠራ ቢዞር ውስጡ ያለው ጎሚኒ ይቀደዳል፣ ውሃውም ሳይታወቅ በፍሳሽ መስመሩ ይወጣል። እጀታውን በኋሊት ማጠቢያው ላይ አድርገው በቫልቩ መስታወት የሚታየው ውሃ እስኪጠራ 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ፓምፑን አጥፍተው ማለቅለቂያው ላይ አንድ ደቂቃ፣ እንደገና አጥፍተው ወደ ማጣሪያው ይመልሱት። ማለቅለቂያውን ከዘለሉ የታጠበው ቆሻሻ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ከምልክቱ በታች ከወረደ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው፤ የፓምፑ ቅርጫት በቅጠል ተሞልቷል፣ ወይም የውሃው ከፍታ ከስኪመሩ ማለትም ከላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ከሚስበው ቀዳዳ አፍ መሃል በታች ወርዶ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። በመመለሻው ቀዳዳ አረፋ ሲወጣ ካዩም ምክንያቱ ያው አየር ነው።

እንግዲህ ልጆቹ ሊመጡ ነውና የጻፍኩት ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህን አይርሱብኝ። በዕድሜ ሁላችንንም ቢበልጡም በዚህ ጉዳይ እሺ ይበሉኝ። ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው አየር ለመሳብ ብቻ ስለሆነ ለጩኸት ፋታ የለውም፤ እጁን አያውለበልብም፣ ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ። ድምፅ ከሰማሁ እወጣለሁ ብሎ ሳሎን መቀመጥ ስለዚህ አይሠራም። አንድ ትልቅ ሰው በስም ተለይቶ ጠባቂ ይሁን፤ ስልክ አይያዝ፣ ትንንሾቹ ሲገቡ ክንዱ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን። «ሁላችንም አለን» ሲባል ማንም አያይም። በአየር የሚነፉት የክንድ ማንሳፈፊያዎች መጫወቻ ናቸው፣ ጠባቂን አይተኩም።

አጥሩ ገንዳውን በአራቱም በኩል ይክበበው። የቤቱ ግድግዳ እንደ አራተኛ ጎን ከተቆጠረ የሳሎኑ በር ልጁን በቀጥታ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ የብረቶቹ ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በሩም ወደ ውጭ የሚከፈትና በራሱ ተዘግቶ የሚቆለፍ ይሁን። በሩን ትንሽ ብቻ ከፍተው ይልቀቁት፤ ካልተቆለፈ ማጠፊያው መጠገን አለበት። አጥሩ አጠገብ ወንበርና የአበባ ማሰሮ አይኑር፣ ልጅ ይወጣበታል። ዋና ሲያበቃ ኳሱና መጫወቻው ሁሉ ከውሃው ይውጣ።

ወለሉ ላይ ያለውን የመምጠጫ ክዳን በዓይንዎ ይዩት። ከተሰነጠቀ፣ ከላላ ወይም ብሎኑ ከጎደለ ፓምፑን ያጥፉ፤ እስኪቀየር ማንም አይግባ። የፓምፑ ስበት ፀጉርን ወይም የልጅን ገላ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል፣ በጉልበት ማላቀቅም ከባድ ነው። የፓምፑ ማጥፊያ የት እንዳለ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ። ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚቆርጠውን ብሬከርም በየወሩ የሙከራ ቁልፉን ተጭነው ይሞክሩት። የገንዳው ወለል ከላይ ካልታየ ዋና የለም፤ የሰጠመ ሰውም አይታይምና።

ተቅማጥ የያዘው ልጅ አይግባ። ክሎሪን ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የተቅማጥ ጥገኛ ተሕዋስ ግን በ1 ሚሊግራም ክሎሪን ውስጥ ከ10 ቀን በላይ መቆየት ይችላል።

ረጅም ዘንግና ገመድ የታሰረበት የሕይወት ማዳኛ ቀለበት ገንዳው ዳር ይኑሩ። አንድ ሰው ቢቸገር እርስዎ አይዝለሉ፤ ዘንጉን ያቀብሉ፣ ቀለበቱን ይወርውሩ። የወጣው ሰው ካልተነፈሰ ያጣው አየር ነውና መጀመሪያ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳይቋረጥ። ይህን ከደብዳቤ መማር አይበቃም፤ እርስዎም እማማም የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ብትወስዱ ደስ ይለኛል።

እርስዎም ብቻዎን አይዋኙ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ከውሃ ሲወጡ ሊያዞርዎት ይችላልና መወጣጫውን ይዘው ቀስ ብለው ይውጡ።

እስከዚያው የነጻውንና የጠቅላላውን ክሎሪን ቁጥር፣ ፒኤቹን፣ እንዲሁም የመምጠጫውን ክዳን ፎቶ ይላኩልኝ። የክሎሪኑን መጠን አስልቼ በዚያው ቀን እመልስልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ